የመሀል በሬ የእኔ ቃል ነበር

የበደለኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። የበደለኝም አምና፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን ከምሳ በፊት፣ እዚሁ አሰላ ውስጥ የአካባቢው አሰልጣኞች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ነው። ያን ቀን የለበስኩትን ሹራብ ከዚያ ወዲህ አልለበስኩትም።

ይህን የምጽፈው ሰው ያስታርቀናል ብዬ አይደለም። አስታራቂ መጥቶ ነበር፤ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። የምጽፈው ነገሩ በእኔ አፍ ተነግሮ ስለማያውቅ ነው። በወንድሜ አፍ ግን በሬዲዮ ሳይቀር ተነግሯል።

ነገሩ ኳስ ነው። ዕድሜዬን ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ኳስ መትቼ አላውቅም። ብሔራዊ ቡድናችን ሲጫወት ግን፣ መጀመሪያ በአባቴ ሬዲዮ፣ ኋላ በራሴ ቴሌቪዥን፣ እያወቅሁ ያሳለፍኩት ጨዋታ የለም። ሰው የሚያየው ኳሷን ነው። እኔ የማየው ኳሷ የሌለችበትን ቦታ ነው። ጎል ሲገባብን ጎረቤት ሁሉ በረኛውን ሲሰድብ፣ እኔ ከሦስት ቅብብል በፊት ቦታውን ለቆ የሄደው ማን እንደነበረ አስባለሁ። አስተማሪ ሳለሁ ይህን በመምህራን ክፍል አንዴ ብናገር አንዱ ባልደረባዬ «አንቺ ደግሞ ኳስ ላይ ምን አገባሽ» አለኝ። ያ ሰው ሞቷል፤ ስለዚህ እሱን እተወዋለሁ።

ጨዋታ ሲኖር የምግብ ጠረጴዛዬ ሜዳ ይሆናል። ከቤቴ ፊት ለፊት ሱቅ ያለው፣ ከስልጤ የመጣ ጨዋ ሰው፣ የለስላሳ ቆርኪ ይሰበስብልኛል። ቀዩ የእኛ፣ ብርቱካናማው የተጋጣሚ ነው።

«ቲቸር፣ ዛሬም ቆርኪ? ምን ሊያደርጉበት ነው፣ ሊጠነቁሉ?»

«ተከላካይ ጎድሎኝ ነው» እለዋለሁ።

«እንግዲያው ቀዩን ይጨምሩ፤ ተከላካዩ አምስት ቢሆንም ለእኛ ቡድን አይበዛም።»

ወንድሜ በአሥራ ሁለት ዓመት ያንሰኛል። ወጣት ሳለ ለከተማው ቡድን ተጫውቷል፤ ጉልበቱን ከተጎዳ በኋላ የስፖርት መምህር፣ ከዚያም አሰልጣኝ ሆነ። ተናጋሪ ነው። ሰው ለቅሶ ቤት ውስጥ እንኳ እሱ አጠገብ መቀመጥ ይፈልጋል። ጨዋታ ባለ ቀን የሚመጣው እኔ ቤት ነበር፤ እሱ ቤት ያለውን ቴሌቪዥን ሚስቱ ለድራማ ይዛዋለች። ለዓመታት እንዲህ ተቀምጠን አየን። እሱ ይጮሃል፣ እኔ ቆርኪ አንቀሳቅሳለሁ።

«እትዬ፣ ይኼ ልጅ ለምንድነው የማይሮጠው?»

«እንዳይሮጥ ነው እዚያ የቆመው።»

«ስድስት ቁጥር እኮ ነው! ሄዶ መንጠቅ አለበት እንጂ እንደ ዘበኛ ቆሞ ይውላል?»

«ሻዩን አስቀምጥና ወደዚህ ና። ቆርኪዎቹን እያቸው።»

ያኔ ነው የመሀል በሬን የነገርኩት። ለሌላ ሰው ተናግሬው አላውቅም ነበር።

እኔ የተወለድኩት ኢተያ አጠገብ ነው። አባቴ ስንዴ አራሽ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጁ እኔ ነኝ፤ ወንድ ልጅ ደግሞ ለብዙ ዓመት አልመጣለትም። ስለዚህ በአዝመራ ጊዜ አውድማ ላይ በሬ የምነዳው እኔ ነበርኩ። ወንድሜ ሲወለድ እኔ ትልቅ ሴት ልጅ ነኝ። እሱ ስድስት ዓመት ሲሞላው ለትምህርት አሰላ አክስታችን ዘንድ ተላከ፤ ጎረምሳ ሲሆን ደግሞ የእኛን ሰፈር ስንዴ ኮምባይነር እየመጣ ይሰበስበው ጀመር። አውድማ ላይ አንድ ቀን አልዋለም። ይህን አንባቢ ይያዝልኝ።

ስንዴ ስናበራይ አራት በሬዎች ጎን ለጎን አያይዘን እናዞራለን። ከውጭ በኩል ያለው በሬ ረጅሙን መንገድ ይሄዳል፤ ወጣትና ጉልበተኛ መሆን አለበት። ከውስጥ ያለው አውድማው መሀል ላይ ከቦታው ብዙም ሳይርቅ ቀስ እያለ ይዞራል። እዚያ የሚገባው ሽማግሌው በሬ ነው፤ የማይደነግጠው። አባቴ «ከን ጊዱ» ይለው ነበር፣ የመሀሉ ማለት ነው። ሳላውቅ፣ ሰነፍ መስሎኝ፣ አንድ ቀን በአለንጋ መታሁት። አባቴ አለንጋውን ከእጄ ወሰደና «እሱን አትንኪ። ሌሎቹ የሚዞሩት እሱ ስላለ ነው» አለኝ። በኋላ አንድ ዓመት ሽማግሌው በሬ ታመመና ወጣቱን መሀል አስገባነው። ወጣቱ ቸኮለ፤ የውጮቹ ሊደርሱበት አልቻሉም፤ መስመሩ ተበጠሰ፤ በሬዎቹ ከአውድማው ወጥተው ያልተወቃውን ነዶ ረገጡት። ያን ቀን አባቴ አልተቆጣም። በሬዎቹን ፈትቶ፣ ተቀምጦ የጭላሎን ተራራ ሲያይ ቆየ።

ይህን ለስድሳ ዓመት ያህል ይዤው ኖሬያለሁ። ከኳስ ጋር ያገናኘሁት ግን እኔ ነኝ፣ በቆርኪ፣ በራሴ ጠረጴዛ ላይ።

የእኛ ተጫዋቾች ቁመታቸው አጭር ነው፤ ጥበባቸው በአጭር ቅብብል ነው። አሰልጣኝ በመጣ ቁጥር አራት ሦስት ሦስት ያሰልፋቸዋል፤ ያ ጥሩ ነው። ሁለቱ የመስመር ተከላካዮች ወደ ፊት ይወጣሉ፤ ያም ጥሩ ነው፤ አለዚያ ክንፍ አይኖረንም። እነሱ ሲወጡ ግን ከኋላ የሚቀሩት ሁለት የመሀል ተከላካዮች ብቻ ናቸው። ከእነሱ ፊት የሚቆመው ስድስት ቁጥር ኳስ ባየ ቁጥር የሚሮጥ ከሆነ፣ በሄደበት ቦታ ቀዳዳ ይከፈታል፤ ተጋጣሚ ደግሞ የሚጠብቀው ያንን ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ስድስት ቁጥር ጉልበተኛ መሆን የለበትም። ኳስ ሳይደርሰው ግራና ቀኙን ዞሮ የሚያይ፣ በአንድ ንክኪ የሚሰጥ፣ ሌሎቹ እንዲሮጡ እሱ የሚቆይ መሆን አለበት። የሚሮጡት ስምንት ቁጥርና አሥር ቁጥር ናቸው፤ የውጭ በሬዎች። ስድስት ቁጥር የመሀል በሬ ነው።

ወንድሜ ሰምቶ ሲጨርስ ቀዩን ቆርኪ አንስቶ ወደ መብራቱ ያዘው። «የመሀል በሬ» አለ። «እትዬ፣ አንቺ አሰልጣኝ ብትሆኚ ተጫዋቹን ሁሉ ታስለቅሺው ነበር።» ሳቅን። በዚያ ቀን ደስ ብሎኝ እንደነበረ አልክድም።

አምና ኅዳር ላይ፣ ኮምባይነሮቹ በመንገዱ ዳር ተሰልፈው ሳለ፣ ወንድሜ ከተለመደው ሰዓት ውጭ መጣ። የአካባቢው አሰልጣኞች ሥልጠና ሊደረግ ነው፤ ስለ ብሔራዊ ቡድናችን አሰላለፍና ስለ ተጫዋቾች ሚና ንግግር እንዲያደርግ ተጠይቋል።

«እትዬ፣ የምታወሪውን ጻፊልኝ። እኔ እስክሪብቶ ስይዝ እንቅልፌ ይመጣል።»

«ምን ላይ ልታውለው?»

«ምን ላይ ይውላል? ላቀርበው ነዋ!»

 ከዚያ እንዲህ አልኩት፦ «እጽፋለሁ። አንድ ነገር ብቻ። ስትጀምር ይህን ያሰበችው እህቴ ናት በል። ስሜን መጥራት የለብህም። እህቴ በል።»

«በአባታችን አፅም! እንዲያውም ፊት ወንበር ላይ ነው የማስቀምጥሽ።»

በአባታችን አፅም ማለቱን አልረሳሁም።

ሁለት ባለ ካሬ ደብተር ገዛሁ። በመጀመሪያው ስለ መሀል ሜዳ ጻፍኩ። ሜዳውን በማስመሪያ አሰመርኩ፤ ካሬው የተጫዋቾችን ርቀት ለመለካት ይመቻል። ለእያንዳንዱ ሚና አንድ ገጽ ሰጠሁ፦ ምን ሲያይ ይሂድ፣ ምን ሲያይ ይቆይ። የትኛው በሬ ከውስጥ እንደሚገባና ለምን እንደሆነ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ቁልጭ አድርጌ አስቀምጫለሁ። ሁለተኛው ደብተር ስለ መስመር ተከላካዮች ነው፤ እሱን ሳልጨርሰው ቀኑ ደረሰ። ዓይኔ ደህና አይደለም። በመነጽሬ ላይ ሌላ መነጽር ደርቤ ነው የጻፍኩት። የመጀመሪያውን ደብተር ወስዶ በማግሥቱ መለሰልኝ። «ጨረስኩት» አለ። ቶሎ ማንበቡ ገረመኝ።

ሐሙስ ጠዋት ሹራቤን ለብሼ ሄድኩ። ንፋሱ ይቆርጣል። ወንድሜ በሩ ላይ ተቀበለኝ፤ ሱፍ ለብሷል፤ በዓይኑ ከእኔ ኋላ የሚገቡትን ሰዎች ይፈልጋል።

«እትዬ፣ ለጊዜው ከኋላ ሁኚ፤ ፊት ያለው ለኃላፊዎች ተይዟል። ደግሞ እግረ መንገድሽን ምሳ የሚያዘጋጁትን ሴቶች እያቸው፣ እንዳያረፍዱ።»

ከኋላ፣ የውሃ ካርቶን በተደረደረበት ግድግዳ ሥር ተቀመጥኩ። የምሳውን ሴቶች አላየሁም።

መብራቱ ጠፋና ፕሮጀክተሩ በራ። ግድግዳው ላይ የወጣው የእኔ ደብተር ነበር። ሥዕሎቹን በስልኩ ፎቶ አንስቷቸዋል። ካሬው፣ መስመሩ፣ ቁጥሮቹ ሁሉ የእኔ እጅ ናቸው። እኔ ሰባት ቁጥር ስጽፍ መሀሉ ላይ ጭረት አደርጋለሁ፤ ለተማሪዎቼ ሁሉ እንደዚያ አስተምሬያለሁ። ሰባቴ ሰው በሚያህል ቁመት ግድግዳው ላይ ቆሟል። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። እህቴ እስኪል ነው የምጠብቀው።

«አባቴ ገበሬ ነበር» ብሎ ጀመረ። «ልጅ ሆኜ አውድማ ላይ በሬ ስነዳ፣ አባቴ አንድ ነገር አስተማረኝ። የመሀል በሬ ይባላል።»

ሰዎቹ ወንበራቸው ላይ ወደ ፊት ዘንበል አሉ።  ወንድሜ ስለ አባታችን እጅ አወራ፣ ስለ ገለባው ሽታ አወራ፣ ጠዋት እግሩን ስለሚቆረጥመው ብርድ አወራ። እግሩን የቆረጠመው ብርድ የለም። ያ እግር የእኔ ነው። ሰዎች አጨበጨቡ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠ አንድ ወጣት አሰልጣኝ ደብተሩ ላይ «የመሀል በሬ» ብሎ ጻፈና ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

አሁንም ሊለው ይችላል ብዬ ጠበቅሁ። መጨረሻ ላይ ሊለው ይችላል።

ጥያቄ ሲፈቀድ ከአርቦዬ የመጡ ሸምገል ያሉ አሰልጣኝ እጃቸውን አወጡ። አንድ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው።

«አሰልጣኝ፣ ንግግርህን ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ግልጽ አድርግልኝ። ከውስጥ የሚገባው የትኛው በሬ ነው?»

ወንድሜ ፈገግ አለ። «ጉልበተኛው ነዋ! መሀሉን የሚይዘው ጠንካራው ነው። የሚነጥቀው፣ የሚጋፋው።»

 ከዚያ ከአንድ ጥግ ሳቅ ተነሣ። እዚያ ከተቀመጡት አብዛኞቹ የገበሬ ልጆች ናቸው።

«ልጄ» አሉ የአርቦዬው ሰው፣ «አንተ በሬ የነዳኸው አውድማ ላይ ነው ወይስ ወደ ሥጋ ቤት?»

አዳራሹ ተንጫጫ። ወንድሜ የዚያን ጊዜ ቀና ብሎ ወደ ኋላ አየ። ወደ እኔ። ከልጅነቱ ጀምሮ አውቃታለሁ ያቺን አስተያየት፤ መልሱ ጠፍቶት ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ ልጅ አስተያየት ናት። እኔ የምለው አንድ ቃል ነበር። ሽማግሌው። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ባለሁበት ተቀምጬ ብናገረው እንኳ ለሁሉም ይሰማ ነበር፤ ክፍል ሙሉ ተማሪ ያስተማረ ድምፅ አለኝ።

ራሴን አዙሬ በውሃው ካርቶን ላይ የተጻፈውን አነበብኩ። ከፀሐይ ይጠበቅ ይላል።

ወንድሜን ግን አትፍሩለት። «ጋሼ» አለ፣ «በእናንተ በኩል አውድማ ላይ ያለው በሬ ጡረታ የወጣ መሰለኝ። እኔ የማወራው ስለ ዘመናዊ በሬ ነው!» ከመጀመሪያው የሚበልጥ ሳቅ ሆነ። የአርቦዬው ሰው ራሳቸው እየሳቁ እጃቸውን አውለብልበው ተቀመጡ። ፊት ለፊቴ ያለው ወጣት «የመሀል በሬ» ከሚለው ሥር «ጉልበተኛ» ብሎ ጨመረ። ዘጠነኛውን ገጽ ወንድሜ አላነበበውም። ሥዕሉን ብቻ ነው ያነሣው።

ምሳ ላይ ሳህን ይዞ መጣ። አጠገቤ ተቀምጦ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለምን ዝም አልሽ? አይተሽኝ እኮ ነበር።»

«እህቴ እስክትል እየጠበቅሁ ነበር።»

«አባታችንን ጠራሁ አይደል እንዴ? የአባታችን አይደለም?»

«በሬው የአባታችን ነው። ኳሱ የእኔ ነው።»

«እትዬ፣ እስቲ አስቢው። ጡረታ የወጣች የሒሳብ መምህርት እንዲህ ትላለች ብዬ ልጀምር? ይስቁብኛል።»

«ሳቁብህ እኮ።»

ሳህኑን አንስቶ ኃላፊዎቹ ወዳሉበት ሄደ። ሥጋው አልተነካም ነበር።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ምናልባት እረሳው ነበር። ሰው ሐሳብ ይሰረቃል፤ እኔም የመጀመሪያዋ አይደለሁም። አላበቃም። ወንድሜ በሬዲዮ ተጠራ፤ አባታችንንና አውድማውን ደገማቸው። ሰው ወደደው። አንድ ቀን ስኳር ልገዛ ስሄድ ባለሱቁ፦

«ቲቸር፣ ሰሙ? የመሀል በሬ የሚባል ነገር መጥቷል።»

«ምን ማለት ነው?» አልኩት።

«ግዙፍ ተጫዋች ነው አሉ። ያገኘውን ሁሉ የሚደፋ። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ እሱን ነው የሚያወሩት። ቆርኪ ይዘው ይሂዱ፣ አጠራቅሜያለሁ።»

ሱቁ በር ላይ ሦስት ጎረምሶች በስልክ ጨዋታ እያዩ ነበር። አንዱ «ይኼ ነው የመሀል በሬ! ስበረው!» እያለ ይጮሃል። የሚያወራው ቦታውን ጥሎ ሜዳውን ሁሉ ስለሚዞር፣ እስከ ማዕዘን ባንዲራው ድረስ ሰው ስለሚያሳድድ ተጫዋች ነው። ልሂድና ልንገራቸው ብዬ አንድ እርምጃ ተራመድኩ። ምን እላቸዋለሁ? ቃሉ የእኔ ነው፣ የተሸከመው ግን ሌላ ነገር ነው ልል? ስኳሬን ይዤ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ በነበረው የብሔራዊ ቡድናችን ጨዋታ አሰልጣኙ ጉልበተኛ ልጅ ስድስት ቁጥር አድርጎ አስገባ። ወንድሜን ሰምቶ ነው አልልም፤ ወንድሜ ያን ያህል ሰው አይደለም። ልጁ ግን ልክ እንደዚያ ወጣት በሬ ቸኮለ። ኳስ ባየበት ሁሉ ሄደ። ሁለቱ የመስመር ተከላካዮች ወጥተዋል፤ በመሀል ቀዳዳው ተከፈተ፤ ጎሉ በዚያ ገባ። ቀዩን ቆርኪ አንስቼ በእጄ ያዝኩት። ከመንገድ ማዶ ጎረምሶቹ «ቢሆንም ታግሏል!» ሲሉ ይሰማኛል።

ቃሉን የወሰደው ወንድሜ ነው። ቃሉ ተገልብጦ ሲወጣ ግን እኔም አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ፤ አንድ ቃል ብናገር ይቃና ነበር። ይህን እሱ ላይ አልለጥፈውም።

ሚያዝያ ላይ ወንድሜ ብርቱካን ይዞ መጣ። አዳማ ላይ ከዚያኛው የሚበልጥ ስብሰባ አለ። ስለ መስመር ተከላካዮች እንዲናገር ጠይቀውታል።

«ሁለተኛውን ደብተር ጨርሰሽዋል አይደል?»

«ጨርሼዋለሁ።»

«በዚህኛው እህቴ እላለሁ። እውነቴን ነው። ስምሽንም እጠራለሁ።»

«ከውስጥ የሚገባው የትኛው በሬ ነው?» አልኩት።

ሳቀ። «አሁንም እሱን ይዘሽ ነው? እትዬ፣ እሱ እኮ አልፏል።»

እንደገና ጠየቅሁት። ብርቱካኑን እያገላበጠ ያየው ጀመር። ሦስት ወር አልፎ፣ የአርቦዬው ሰው በሰው ፊት ሥጋ ቤት ካሉት በኋላ እንኳ፣ አንድ ገበሬ አልጠየቀም። መንገድ ላይ ወጥቶ አንድ ሰው ቢጠይቅ ይነግረው ነበር። እኔን እንኳ አልጠየቀኝም።

ደብተሩን አልሰጠሁትም። ብርቱካኑን መለስኩለት። በማግሥቱ ባለሱቁ የላከልኝ ሠራተኛ ቴሌቪዥኑን ከሳሎን ወደ ጓዳ አዛወረልኝ፤ የግቢው በር ላይም መቀርቀሪያ ገጠመልኝ። ጨዋታ ባለ ቀን እቀረቅረዋለሁ።

ባለፈው ወር ቡድናችን ከሰዓት በኋላ ተጫውቶ ነበር። በእረፍት ሰዓት የግቢው በር ተንኳኳ።

«እትዬ! ሚስቴ ድራማ ይዛብኛለች። ስንት ለስንት ነው?»

የስድስት ቁጥሩን ቆርኪ ቦታው ላይ መለስኩት። ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። አልከፈትኩም።